ምን ቢሆን ሐሳብሽን ትቀይሪ ነበር?

የጠያቂዋ ደብዳቤ

«ለተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፤ የዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለሳይንስ ፍልስፍና ኮርስ እያንዳንዳችን አንድ መላምት መርጠን እንድንፈትን ታዘዝን። እኔ ‹ለስለስ ያለ ሙዚቃ እየሰሙ ማጥናት ለማስታወስ ይረዳል› የሚለውን ያዝኩ። 14 ጓደኞቼን ለምኜ አንድ ቀን 20 ቃላት በጸጥታ፣ በማግስቱ ሌላ 20 ቃላት ሙዚቃ ከፍቼ አስጠናኋቸው። ሁለቱ ስልክ ሲነካኩ ስለነበር አስወጣኋቸው። የቀሩት 12ቱ በጸጥታ በአማካይ 11፣ በሙዚቃ 13 ቃላት አስታወሱ። ‹መላምቴ ተረጋግጧል› ብዬ አስገባሁ። መምህራችን ከ20 የሰጡኝ 9 ነው፤ ኅዳጉ ላይ ‹ምን ቢሆን ሐሳብሽን ትቀይሪ ነበር?› ብለው ጽፈውበታል። ክፍል ውስጥ ደግሞ ‹የትኛውም ሳይንሳዊ ንድፈ ሐሳብ ተረጋግጦ አያልቅም› አሉን። ይህን የሰማ አንድ የክፍላችን ልጅ ‹እንግዲያ ሳይንስም ያው አስተያየት ነው› እያለ ያናድደኛል። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? ለእሱስ ምን ልበለው? ሥራውን እንደገና ሠርቼ እንዳቀርብ መምህራችን ፈቅደውልኛል። — ግራ የገባኝ»

መልስ

ውድ እህታችን፣

መምህርሽ የጻፉልሽ አንድ መስመር የኮርሱን ግማሽ ይዟል። ስለዚህ 9ኙን ነጥብ ለጊዜው ተዪውና ቁጥሮችሽን እንያቸው።

ሙዚቃ ለማስታወስ ቅንጣት ታህል አይረዳም እንበል። እንዲያም ሆኖ ውጤቱ ከ11 ወደ 13 ከፍ ሊል ይችል ነበር? እንዴታ! በመጀመሪያው ቀን ጓደኞችሽ ምን እንደሚጠየቁ አያውቁም። በሁለተኛው ቀን ግን ነገሩን ለምደውታል፤ ቃላቱን እያያያዙ መያዝ እንደሚያዋጣም ደርሰውበታል። የሙዚቃው ቀን ለሁሉም ሁለተኛው ስለነበር፣ ልምምድ የጨመረውንና ሙዚቃ የጨመረውን የሚለይ ዘዴ የለሽም። ዝርዝሮቹም አሉ። በአንደኛው «ፍትሕ፣ ዝንባሌ፣ ልማድ» ዓይነት ቃላት በዝተው በሌላው «ወንበር፣ ውሻ፣ መስኮት» ከበዛ፣ ሁለተኛው ሙዚቃ ኖረም አልኖረም ይቀላል፤ በዓይነ ሕሊና የሚታይ ነገር ከረቂቅ ሐሳብ ይልቅ ይታወሳል።

አራሚዋም አንቺው ነሽ። አንዷ ልጅ «ዝናብ» የሚለውን «ዝናም» ብላ ጻፈች እንበል። ይቆጠርላት? ሁለቱም መልስ ያስኬዳል፤ ችግሩ የሚመጣው በሙዚቃው ቀን ወረቀት ላይ እጅሽ ሲለግስ፣ በጸጥታው ቀን ወረቀት ላይ ሲጠብቅ ነው። ይህ ማጭበርበር አይባልም። ውጤቱን እየተመኘ የሚያርም ሰው ሁሉ ሳይታወቀው ያደርገዋል። በየሰዉ አንድ ቃል ብቻ እንዲህ ካዘነበለ ግን ከሁለት ቃላት ልዩነትሽ ግማሹ ሄደ ማለት ነው።

ያስወጣሻቸው ሁለት ልጆች ስልክ የነካኩት በየትኛው ቀን ነው? በሙዚቃው ቀን ከሆነ፣ ምናልባት ሙዚቃው ሐሳባቸውን የበተነባቸው እነሱ ናቸው፤ አንቺ ደግሞ በመላምትሽ ላይ ሊመሰክሩ የመጡትን ከችሎት አስወጣሻቸው። ሰው ማስወጣት ክልክል አይደለም። የማስወጫው ደንብ ግን ውጤት ከመታየቱ በፊት ተጽፎ መቀመጥ አለበት።

አሁን የመምህርሽን ጥያቄ ለራስሽ አቅርቢው። ውጤቱ 11 እና 11 ቢመጣ ኖሮ ምን ትጽፊ ነበር? «የመረጥኩት ሙዚቃ አልተስማማቸውም»። በሙዚቃ 9 ቢሆንስ? «በማግስቱ ደክሟቸው ነበር»። የመጣው ቢመጣ መላምቱ ይተርፋል፤ እንግዲያ ፈተና ላይ አልተቀመጠም ነበር። ማስረጃ የሚመዘነው በሁለት ጥያቄ ነው፦ መላምቱ እውነት ቢሆን ይህን ውጤት የማየት ዕድሌ ምን ያህል ነው? ሐሰት ቢሆንስ? ሁለቱ ዕድሎች ከተቀራረቡ ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢያምር ምንም አይነግርሽም። አንቺ የጠየቅሽው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ድካሙ የአንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ። ፒተር ዌሰን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናት ለተሳታፊዎች 2፣ 4፣ 6 የሚሉ ሦስት ቁጥሮች ሰጣቸው። ቁጥሮቹ አንድ ደንብ ይከተላሉ፤ ተሳታፊዎቹ የራሳቸውን ሦስት ሦስት ቁጥር እያቀረቡ «ይሄዳል» ወይም «አይሄድም» የሚል መልስ እየሰሙ ደንቡን ማግኘት አለባቸው። ብዙው ሰው «በሁለት በሁለት የሚጨምር» ብሎ ያስብና 8፣ 10፣ 12 ይላል። ይሄዳል። 20፣ 22፣ 24። ይሄዳል። በሙሉ ልቡ ደንቡን ይናገራል፤ ይሳሳታል። ደንቡ «ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚሄድ ማንኛውም ሦስት ቁጥር» ነበር። በራሱ ግምት «አይሄድም» መባል ያለበትን፣ ለምሳሌ 1፣ 2፣ 50ን፣ የሞከረ ሰው ግምቱ መሳሳቱን ወዲያው ያውቅ ነበር። ከ29 ተሳታፊዎች መጀመሪያ በተናገሩት መልስ ደንቡን ያገኙት 6 ብቻ ናቸው። ጓደኞችሽ ላይ ሞክሪው፤ ጊዜ አይፈጅም፣ ሳቅም አለው።

እንደገና ስትሠሪው

የሚታዩና የሚዳሰሱ ነገሮች ስም ብቻ የሆኑ 60 ቃላት ምረጪ፤ ርዝመታቸው ከሁለት እስከ አራት ፊደል ይሁን። በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ ደባልቂያቸውና ሳታዪ 30 በ30 ክፈያቸው። አንዱ ዝርዝር «ሀ»፣ ሌላው ዝርዝር «ለ» ይባል። ከ20 ወደ 30 ከፍ ያደረግነው ዝርዝሩ ሲያጥር በሁለቱም ቀን እኩል የሚያመጣ ሰው ስለሚበዛ ነው።

ሰዎቹን በዕጣ ለአራት ክፈያቸው፤ 12 ከሆኑ ሦስት ሦስት ይደርሳሉ። አንዱ ቡድን «ሀ»ን በጸጥታ አጥንቶ በማግስቱ «ለ»ን በሙዚቃ ያጠናል። ሁለተኛው «ለ»ን በጸጥታ ጀምሮ «ሀ»ን በሙዚቃ ይጨርሳል። የቀሩት ሁለቱ በሙዚቃ ይጀምራሉ፤ አንዱ በ«ሀ»፣ ሌላው በ«ለ»። አሁን ልምምዱም የዝርዝሩ ቅለትም ለሙዚቃውና ለጸጥታው እኩል ተከፋፈለ። ዕጣ ያስፈለገበት ምክንያት፣ በምርጫሽ ብትመድቢያቸው ሳታውቂው የሚመችሽን ሰው ወደሚመችሽ ቦታ ስለምታስገቢ ነው።

ሰዓቱ በሁለቱም ቀን አንድ ይሁን። ማጥኛ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ሌላ ሥራ፣ የመደመርና የመቀነስ ጥያቄ ቢሆን ይበቃል፣ ከዚያ ያስታወሱትን መጻፊያ 5 ደቂቃ። ሙዚቃው በማጥኛው 5 ደቂቃ ብቻ ይከፈት፤ ሲጽፉ ሁለቱም ቀን ጸጥታ ነው። ይህን ካልለየሽ ሙዚቃው ቃሉን ለመያዝ ይርዳ ወይም የያዙትን ለማውጣት፣ አታውቂም።

ወረቀቶቹ ላይ በስም ምትክ ቁጥር ይጻፍ። የትኛው ቁጥር የየትኛው ቀን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር አንቺ ጋ ይቀመጥ፤ የሚያርመው ግን ያንን ዝርዝር ያላየ ሌላ ሰው ይሁን። የ«ዝናም» ጉዳይም አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን። አንድ የማትደፍኚው ቀዳዳ ይቀራል፦ ተሳታፊዎቹ ሙዚቃውን ይሰማሉ፣ ስለዚህ የምትፈልጊውን ሊገምቱ ይችላሉ። ቢያንስ የቱን እንደምትመኚ አትንገሪያቸው፤ «ሁለት የአጠናን ሁኔታዎችን እያወዳደርኩ ነው» በቂ ነው። ቀዳዳውንም በሪፖርትሽ ጥቀሺው። ደካማ ጎኑን የጠቀሰ ተማሪ ላይ ነጥብ የሚቀንስ መምህር ካለ ጥፋቱ የመምህሩ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ወረቀት ግን ማንንም ከመጥራትሽ በፊት የሚጻፈው ነው። አራት ነገር ይያዝ፦ የምጠብቀው ውጤት፣ መላምቴን የሚጥለው ውጤት፣ ሰው የማስወጣበት ደንብ፣ የአስተራረም ደንብ። ቀን ጽፈሽ ፈርመሽ አንዱን ቅጂ ለመምህርሽ ስጪ።

መላምትሽን የሚጥለው የትኛው ውጤት ነው? ሙዚቃ ምንም የማይሠራ ከሆነ፣ አንድ ሰው በሙዚቃው ቀን የተሻለ ማምጣቱ ዘውድና ጎፈር እንደመጣል ነው። ሳንቲም 12 ጊዜ ሲጣል 4096 ዓይነት አወጣጥ አለ። ከነዚህ ውስጥ ዘውድ 10 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚወጣባቸው 79 ናቸው፤ ከ100 ሁለት እንኳ አይሞሉም። 9 እና ከዚያ በላይ ካልሽ 299 ይሆናሉ፤ ከ100 ሰባት ገደማ። በተለምዶ ተመራማሪዎች የሚይዙት ወሰን ከ100 አምስት ነው። ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም፤ ስምምነት ነው። እንግዲህ «ከ12 ሰው ቢያንስ 10 በሙዚቃው ቀን የተሻለ ካላመጡ መላምቴ አልተደገፈም» ብለሽ ጻፊ። በሁለቱም ቀን እኩል ያመጣ ሰው እንዳልተሻለ ይቆጠር።

ወሰኑን ካለፍሽ በኋላም ሆነ ካላለፍሽ በኋላ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ሌላ ሙዚቃ መሞከር ነው። ምንም የማይሠሩ 20 የሙዚቃ ዓይነቶችን እያንዳንዳቸውን ከ100 አምስት በሚለው ወሰን ብትፈትኚ፣ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ የማለፍ ዕድሉ 64 በመቶ ነው። ያለፈውን ብቻ ይዞ 19ኙን መደበቅ በታተሙ ጥናቶችም ውስጥ የታወቀ በሽታ ነው። ስለዚህ የሞከርሽውን ሁሉ ጻፊ።

ሁለተኛው በተቃራኒው ነው፤ ብዙ ተማሪ ይህን አያስተውለውም። ሙዚቃ በእውነት ይረዳል፣ ከ10 ሰው 7ቱ በሙዚቃ የተሻለ ያመጣሉ እንበል። በ12 ሰው ብቻ 10 ላይ የመድረስ ዕድልሽ 25 በመቶ ገደማ ነው። ትክክለኛ መላምት ይዘሽ ከአራት ሙከራ በሦስቱ ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ። 40 ሰው ብታገኚ ወሰኑ 26 ይሆናል፤ ያኔ ከ10 ሙከራ በ8ቱ ያህል ውጤቱ ይያዛል። 40 ሰው ማግኘት ካልቻልሽ በ12 ሥሪው፣ ግን «አላገኘሁም» የሚለውን «የለም» ብለሽ እንዳትተረጉሚው።

ለክፍላችሁ ልጅ

ልጁ ከመምህራችሁ የሰማው እውነት ነው፤ ያወጣው መደምደሚያ ነው የተበላሸው። ነገሩን በአምፖል እንየው። «መብራት ከጠፋ አምፖሉ አይበራም። አምፖሉ አልበራም። ስለዚህ መብራት ጠፍቷል።» ይህ አያስኬድም፤ አምፖሉ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። «መላምቴ እውነት ከሆነ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ቁጥሩ ጨምሯል፤ ስለዚህ እውነት ነው» የሚለው ሙግትሽም ቅርጹ ይኸው ነው። ተቃራኒው ግን ይሄዳል፦ «አምፖሉ በርቷል፤ ስለዚህ መብራት አልጠፋም»። የሳይንስ ፈላስፋው ካርል ፖፐር እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው መጽሐፍ ጠንክሮ የያዘው ይህን አለመመጣጠን ነው። የተቆለለ ምሥክር አጠቃላይ ሕግን ዘግቶ አያረጋግጥም፤ አንድ ጠንካራ ተቃራኒ ግን ሊጥለው ይችላል። መምህራችሁም ያሉት ይህንኑ ነው።

ግን ቆይ፤ አምፖሉ ባትሪ ያለው ቢሆንስ? ያኔ መብራት ጠፍቶም ይበራል። እንዲህ ያለው «ባትሪ ያለው ካልሆነ በስተቀር» የሚል ሐረግ ፖፐርን አስቸግሮታል፤ ከእሱ በፊት ፈረንሳዊው ፊዚሲስት ፒየር ዱሄም እ.ኤ.አ. በ1906 ነጥቡን አንሥቶት ነበር። ማንም መላምት ብቻውን አይፈተንም። መሣሪያው ደህና ነው፣ ስሌቱ ልክ ነው፣ ሌላ ጣልቃ የገባ ነገር የለም ከሚሉ ግምቶች ጋር ተጠቅልሎ ነው የሚፈተነው። ውጤቱ ካልገጠመ ከጥቅሉ አንዱ እንደተሳሳተ ታውቂያለሽ፤ የትኛው እንደሆነ ግን ውጤቱ ራሱ አይነግርሽም።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2011 ኦፔራ የተባለው የፊዚክስ ሙከራ ተመራማሪዎች፣ ጄኔቭ አጠገብ ካለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ከሰርን ተነሥተው 730 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጣሊያን ውስጥ ወደሚገኘው የግራን ሳሶ ላቦራቶሪ የሚሄዱ ኒውትሪኖ የተባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከብርሃን 60 ናኖ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ያህል ቀድመው ሲደርሱ ለኩ። ከብርሃን የሚፈጥን የለም ያለው አንስታይን ተሳሳተ ብለው አላወጁም፤ ስሕተቱን ፈልጉልን ብለው መረጃውን አወጡት። በሚቀጥለው ዓመት ዋናው ምክንያት ተገኘ፦ በደንብ ያልገባ የፋይበር ኦፕቲክ ኬብል።

እዚህ ላይ የክፍላችሁ ልጅ «ታዲያ ሁልጊዜ በኬብል ማሳበብ ይቻላላ!» ቢል ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። መልሱ ያለው በሁለት ፕላኔቶች ታሪክ ውስጥ ነው። ዩራነስ በኒውተን ሕግ ከተሰላለት መንገድ ፈቀቅ እያለ አስቸገረ። ፈረንሳዊው አስትሮኖመር ለ ቬርዬ ሕጉን አልጣለም፤ የማናየው ሌላ ፕላኔት እየሳበው ነው አለ። ማመካኛ ይመስላል። እሱ ግን ያ ፕላኔት ሰማይ ላይ የትኛው ነጥብ ላይ መገኘት እንዳለበት አስልቶ ለበርሊን ኦብዘርቫቶሪ ጻፈ። መስከረም ወር 1846፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ23ኛው ቀን ሌሊት፣ የኦብዘርቫቶሪው አስትሮኖመር ጋለ ቴሌስኮፑን አዞረና ከተባለው ቦታ 1 ዲግሪ እንኳ ሳይርቅ ኔፕቱንን አገኘው። ያ የሰማይ ክፍል ባዶ ሊሆን ይችል ነበር። ለ ቬርዬ ሊሸነፍ በሚችልበት ቦታ ላይ ቆሞ ነበር።

ሜርኩሪም ያስቸግር ነበር። ለፀሐይ በጣም የሚቀርብበት ነጥብ፣ የታወቁት ፕላኔቶች ስበት ሁሉ ከተቆጠረ በኋላ፣ በ100 ዓመት 43 የቅስት ሰከንድ ያህል ከተሰላው በላይ ይዞራል። አንድ ዲግሪ 3600 የቅስት ሰከንድ ስለሆነ ይህ ከዲግሪ ሰማንያ አራተኛው ገደማ ነው። ለ ቬርዬ እ.ኤ.አ. በ1859 ያንኑ መድኃኒት አዘዘ፦ ሌላ የማይታይ ፕላኔት። ቩልካን የሚል ስም እንኳ ወጣለት። አስትሮኖመሮች ለአሥርት ዓመታት ፈለጉት፤ አየሁት ያለም ነበር፤ የጸና ግን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1915 አንስታይን አጠቃላይ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳቡን ሲጨርስ እነዚያ 43 የቅስት ሰከንዶች ያለ ምንም ተጨማሪ ፕላኔት ከስሌቱ ወጡ።

አንድ ሰው፣ አንድ ዓይነት ዘዴ፤ አንዱ ጋ ኔፕቱን፣ ሌላው ጋ ባዶ ሰማይ። ልጁን የምትጠይቂው ይህን ነው፦ አስተያየት እንዲህ ባለ መንገድ ይሸነፋል? «ኬብሉ ነው» ያለ ሰው ኬብሉን ነቅሎና መልሶ ሰክቶ መለካት ይችላል፤ 60ዎቹ ናኖ ሰከንዶች ካልጠፉ ሰበቡ ወደቀ። አንቺም «ሙዚቃው አልተስማማቸውም» ማለት ትችያለሽ፤ ግን የሚስማማው የትኛው እንደሆነ አስቀድመሽ ጽፈሽ አዲስ ሰዎች ላይ እስክትፈትኚው ድረስ ቩልካንን እየፈለግሽ ነው።

አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ሁሉ ተሰረዘ የሚለውም ልክ አይደለም። የኒውተን ሕግ ዛሬም መንኮራኩር ለመምራት ያገለግላል፤ ፍጥነቱ ከብርሃን ፍጥነት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ፣ ስበቱም ደካማ በሆነበት ሁሉ ከአንስታይን ስሌት ጋር ያለው ልዩነት እጅግ አነስተኛ ነው። የኔፕቱንን መኖር የሚጠራጠርም የለም። «ተረጋግጦ አያልቅም» ማለት ሁሉም እኩል ይጠረጠራል ማለት አይደለም። ፖፐር ራሱ እዚህ ላይ ንፉግ ነበር፤ ፈተና ያለፈ ንድፈ ሐሳብ እውነት የመሆን ዕድሉ አይጨምርም ይላል። ይህን የማይቀበሉ ፈላስፎች ብዙ ናቸው፤ እኛም ከእነሱ ጋር ነን። ሐሰት ቢሆን ኖሮ ሊወድቅ ይገባው የነበረውን ፈተና ያለፈ ሐሳብ ካላለፈው የበለጠ ሊታመን ይገባል።

ጭቅጭቃችሁን የሚያባብሰው አንዱ ነገር ደግሞ ቋንቋችን ነው። በዕለት ንግግራችን «ይሄ ቲዎሪ ነው» ስንል በተግባር የማይሠራ፣ ወረቀት ላይ የቀረ ማለታችን ነው። በሳይንስ ግን ንድፈ ሐሳብ ብዙ ፈተና አልፎ ብዙ ክስተቶችን በአንድ የሚያስረዳ ሥርዓት ነው። መላ እንደመምታት ያለው መላምት ነው፤ ስሙም ይናገራል። የአንቺ የሙዚቃ ጉዳይ መላምት ነው፤ የአንስታይኑ ንድፈ ሐሳብ ነው። ልጁ ሁለቱን በአንድ ስም እስከጠራቸው ድረስ አትግባቡም።

ሪፖርትሽ ላይ «ተረጋግጧል» የሚለውን አውጪው። ከ12ቱ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከተሻሻሉ እንዲህ ጻፊ፦ «አስቀድሜ ያስቀመጥኩት ወሰን ታልፏል፤ ሙዚቃ ምንም ባይሠራ ይህን ያህል ሰው በአጋጣሚ የሚሻሻልበት ዕድል ከ100 ሁለት አይሞላም፤ ተሳታፊዎቹ ሙዚቃ መኖሩን ማወቃቸው ግን ያልተዘጋ ቀዳዳ ነው»። ካልደረሰ ደግሞ፦ «መላምቴ በዚህ ሙከራ አልተደገፈም፤ ሙዚቃ ከ10 ሰው 7ቱን ቢረዳ እንኳ በ12 ሰው ይህን የመያዝ ዕድሌ 25 በመቶ ገደማ ስለነበር ሙዚቃ አይረዳም ብዬ ግን አልደመድምም»። ሁለቱንም አረፍተ ነገሮች አሁኑኑ ጽፈሽ ለመምህርሽ ከምትሰጪው ወረቀት ጋር አያይዣቸው፤ ውጤቱ ሲመጣ አንዱን መሰረዝ ብቻ ይቀርሻል።